የሳጥኑ ቁልፍ ማን ጋ ነው?

በሥራ ቀን ማለዳ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል አካባቢ፣ የአዳማ ሆቴሎች ደጃፍ ሰው ይበዛበታል። የድርጅት አርማ የተለጠፈባቸው መኪኖች ተደርድረዋል። ከአዲስ አበባ በፍጥነት መንገዱ የወረዱ ባለሙያዎች ከአሰላ፣ ከባቱና ከሻሸመኔ መጥተው ካደሩ ባልደረቦቻቸው ጋር ትከሻ እየተገጫጩ ሰላም ይባባላሉ። በአዳራሹ በር ላይ አንዲት ወጣት የስም ዝርዝር ዘርግታ ታስፈርማለች፤ ደብተርና እስክሪብቶ ታድላለች። ከከተማዋ በላይ፣ በኮረብታው ጫፍ፣ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎቹ ክንፎች ቀስ ብለው ይዞራሉ። ስልጠና ሲባል ብዙ የመንግሥትና የግብረ ሰናይ ድርጅት ሠራተኛ ቀድሞ በሐሳቡ የሚመጣለት አዳማ ወይም ቢሾፍቱ ነው።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በእነዚህ አዳራሾች በሚሰቀሉ ባነሮች ላይ አንድ የባዕድ ቃል ተደጋግሞ ይታያል፤ ሴፍጋርዲንግ። አሠልጣኞች ቃሉን ወደ አማርኛ ሲመልሱት «ጥበቃ» ይሉታል። ችግሩ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። በአማርኛ «ጥበቃ» ሲባል ሰው ዓይኑ ላይ የሚመጣው በር ላይ የቆመው ዘበኛ ነው። ዘበኛ የሚፈትሸው እንግዳን ነው፤ ቦርሳውን ያስከፍታል፣ መታወቂያውን ይይዛል። አንገቱ ላይ ባጅ ያንጠለጠለውን ሠራተኛ ግን ሰላም ብሎ ያሳልፈዋል። በአዳራሹ የሚነገረው ጉዳይ በአብዛኛው ባጅ ስላንጠለጠለው ሰው ነው። እርዳታ የሚያከፋፍለው፣ ፈረቃ የሚመድበው፣ ፈተና የሚያርመው፣ ሕፃናት የሚያሳድገው ሰው፣ በእጁ የገባውን ሥልጣን በሥሩ ባሉት ላይ መጠቀሚያ እንዳያደርገው ድርጅቱ ምን አበጅቷል? ጥያቄው ይህ ነው።

ስልጠናው ሞቅ እንዲል የሚዘወተር አንድ ልምምድ አለ። ሁለት ተሳታፊዎች ወደ ፊት ይወጣሉ። አንዷ የጽዳት ሠራተኛ፣ አንዱ የአስተዳደር ኃላፊ ይሆናሉ። የተጻፈ ነገር አይሰጣቸውም፤ ከሚያውቁት ተነሥተው ይጫወታሉ። ጨዋታው ብዙ ጊዜ የሚሄደው እንዲህ ነው።

«ጋሼ፣ ትንሽ ላስቸግርዎት ነበር።»

«ምን ሆንሽ የኔ ልጅ? ግቢ።»

«ያ የመጋዘኑ አለቃ፣ ማታ ማታ ብቻዬን ሲያገኘኝ…» ትልና ታቀረቅራለች።

«እሱ? ኧረ እሱ እኮ ቀልደኛ ነው። እንደ ታላቅ ወንድምሽ እይው። ደግሞ የልጆች አባት ነው፤ ትዳሩን አታናጊበት።»

አዳራሹ በሳቅ ይሞላል። ንግግሩን የማያውቅ የለምና፤ ገሚሱ ተብሎበታል፣ ገሚሱም ራሱ ብሎታል።

ኃላፊው ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። «የኔ ልጅ» ብሎ ተቀብሏታል፣ ወንበር ስቦላታል። ነገር ግን ቅሬታዋን አልጻፈውም፤ ሰምቶ እንዳልሰማ ሆኗል። የሰውየው ትዳር የሚፈርሰው በእርሱ ሥራ ሳይሆን በእርሷ አፍ እንደሆነ አድርጎ ነግሯታል። ከቢሮው ስትወጣ ከገባችበት ጊዜ ይበልጥ አደጋ ላይ ናት፤ ምክንያቱም አሁን መናገሯ ይታወቃል፣ ማታ ወደ መጋዘኑ መመለሷም አይቀርም።

ገመና መሸፈን በአገራችን እንደ ደግነት የሚቆጠር ነገር ነው። የሰው ስም አይነሣም፣ የታላቅ ጥፋት በአደባባይ አይወጣም፣ ነገር በሽማግሌ ይበርዳል። ይህ ልማድ ጎረቤትን ከጎረቤት አስማምቶ ያኖረ ትልቅ ሀብት ነው። መሥሪያ ቤት ውስጥ ሲገባ ግን መልኩ ይለወጣል። ጎረቤታሞች በአቅም ይቀራረባሉ፤ አለቃና የቀን ሠራተኛ፣ መምህርና ተማሪ፣ አሳዳጊና ወላጅ አልባ ሕፃን ግን አይቀራረቡም። ሽማግሌውን ጠርቶ የሚያስቀምጠው አለቃው ራሱ ሲሆን እርቁ ለአንደኛው ወገን ብቻ እርቅ ይሆናል።

ለዚህ መፍትሔ ተብሎ የተሰቀለው የአስተያየት መስጫ ሳጥን ነው። ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ በየመሥሪያ ቤቱ ይገኛል። ትንሽ የእንጨት ወይም የቆርቆሮ ሳጥን ናት፤ አናቷ ላይ ለወረቀት ማስገቢያ የተሰነጠቀ ክፍት፣ ጎኗ ላይ የኪስ ቁልፍ የምታህል ጓጉንቸር አለባት። ቀረብ ብሎ ያያት ሰው ብዙ ይረዳል። አብዛኛውን ጊዜ የተሰቀለችው በሰው ሀብት አስተዳደር ቢሮ በር አጠገብ፣ መተላለፊያው ሁሉ በሚያያት ቦታ ነው። አንዳንዷ ከደኅንነት ካሜራው ሥር ናት። ወረቀት የሚያስገባ ሰው ሲያስገባ ይታያል። መጻፍ የማይችል ሰው አይጠቀምባትም። አፏን በአፋን ኦሮሞ ወይም በወላይትኛ የፈታች ሠራተኛም፣ አጠገቧ የተለጠፈው ማስታወቂያ በእንግሊዝኛ ከሆነ፣ ለእርሷ የተሰቀለች አይመስላትም። ከሁሉ በላይ ደግሞ የቁልፉ ነገር አለ። ቁልፉ የሚገኘው በኃላፊው መሳቢያ ውስጥ ነው። ቅሬታው ስለ ኃላፊው ወይም ስለ ቅርብ ወዳጁ ከሆነ ወረቀቱን መጀመሪያ የሚያነበው እርሱው ነው።

በሳጥኗ ላይ አቧራ ሲቀመጥ «ቅሬታ የለም» ተብሎ በሩብ ዓመት ሪፖርት ይጻፋል።

ቅሬታ አለመኖር ደኅንነት እንዳልሆነ ኢትዮጵያ በመራር መንገድ የተማረችው በወሎ ነው። ደቡብ ወሎ ውስጥ፣ ከሐይቅ ብዙም በማይርቀው ጃሪ፣ ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ቴር ደ ዞም ሎዛን የተባለው የስዊዘርላንድ ድርጅት የሕፃናት መንደር ያስተዳድር ነበር። ወላጆቻቸውን በረሃብ ያጡ ልጆች እዚያ አደጉ፤ ተማሩ። ከእነዚህ መካከል በወንዶቹ ልጆች ላይ በመንደሩ በኃላፊነት ይሠራ የነበረ አንድ እንግሊዛዊ ወሲባዊ ጥቃት ይፈጽም ነበር። ድርጊቱ የተፈጸመው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው። የኢትዮጵያ ፍርድ ቤት ሰውየውን ጥፋተኛ ብሎ የዘጠኝ ዓመት ጽኑ እስራት የፈረደበት እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። በመካከሉ ያለፉትን ዓመታት ማሰብ ያስፈልጋል። ልጆቹ ሲያድሩ የሚያድሩት እዚያው፣ ሲታመሙ የሚታከሙት እዚያው፣ ምግባቸውም ትምህርታቸውም ከዚያው ነበር። «ለማን ልንገር?» የሚል ልጅ ቢኖር፣ የሚነግረው ሰው ሁሉ የመንደሩ ሠራተኛ ነው።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ የበለጠ ሊጤን የሚገባው ሌላ ነገር አለ። ጉዳዩን በአደባባይ ያወጡና ድርጅቱን የወቀሱ ሰዎች በስም ማጥፋት ተከሰው ፍርድ ቤት ቆመዋል። ዛሬም በየመሥሪያ ቤቱ አንድ ሰው ቅሬታ ለማቅረብ ሲነሣ ባልደረቦቹ ጆሮው ላይ የሚያንሾካሹኩበት «በስም ማጥፋት ይከስሱሃል» የሚለው ማስፈራሪያ ባዶ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በ1987 ዓ.ም. በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት ከጭካኔ ድርጊት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። መብቱ ተጽፎ ሳለ ግን የጃሪ ልጆች የሚያንኳኩት በር አልነበራቸውም።

ከጃሪ ወደ ስምጥ ሸለቆ መመለስ ረጅም መንገድ ይመስላል፤ ጉዳዩ ግን ቅርብ ነው። ከሞጆ ተነሥቶ በቆቃ፣ በመቂ፣ በባቱ፣ በቡልቡላና በአርሲ ነገሌ አድርጎ ሻሸመኔ የሚደርሰው መንገድ በአሁኑ ጊዜ በሺህ የሚቆጠሩ ወጣት ሴቶች እንጀራቸውን የሚያገኙበት ነው። በባቱ የሼር የአበባ እርሻ ብቻ ከአሥር ሺህ በላይ ሠራተኞች የሚያስተዳድርበት ጊዜ ነበር። በአዳማ የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2011 ዓ.ም. መስከረም ተመርቆ ተከፈተ። በስፌት መኪና ፊት የሚቀመጡት፣ በግሪን ሀውስ ውስጥ ጽጌረዳ የሚቆርጡት አብዛኞቹ ከገጠር የመጡ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእናታቸው ቤት የወጡ ልጆች ናቸው። ሦስትና አራት ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ። ከሻሸመኔ በስተደቡብ በሐዋሳ የኢንዱስትሪ ፓርክ የመነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር አካባቢ እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት አሳይቷል። በዚህ ገቢ ለምትኖር ልጅ ትርፍ ሰዓት ትልቅ ነገር ነው። ትርፍ ሰዓት የሚመድበው ደግሞ የመስመር አለቃው ነው።

እንግዲህ የአደጋው አሠራር ይህን ይመስላል። ማንም በር አይሰብርም። አለቃው ትርፍ ሰዓት ይሰጣል፣ ይነሣል። ፈቃድ ይፈርማል፣ ሳይፈርም ያዘገያል። ልጅቷን ቀላል ወደ ሆነው ሥራ ያዛውራታል፤ ዋጋው ኋላ ይጠየቃል። እምቢ ስትል ወደ ከባዱ ሥራ ትመለሳለች፤ ይህ ሲሆን የሚያይ ሁሉ የሥራ ዝውውር አየሁ ይላል። በመዝገብ ላይ ያለው ጥፋት የእርሷ ነው፤ ማርፈድ፣ የምርት መጠን ማነስ፣ ያለ ፈቃድ መቅረት። ጉዳዩ የፋብሪካ ግድግዳ አልፎም ይሄዳል። በሐዋሳ ሴት ሠራተኞች ከማታ ፈረቃ ወጥተው ወደ ኪራይ ቤታቸው ሲሄዱ መንገድ ላይ ጥቃት እንደሚደርስባቸው ደጋግመው ተናግረዋል። ሰርቪሱ ልጆቹን ዋናው አስፋልት ላይ አውርዶ ከተመለሰ፣ ባጃጅ የማይገባበትን ጨለማ ኮረኮንች የሚሻገሩት ብቻቸውን ነው።

ሕጉ ይህን ያውቃል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ፆታዊ ትንኮሳንና ፆታዊ ጥቃትን ለይቶ ተርጉሟል፤ በሥራ ቦታ መፈጸማቸውንም ከልክሏል። አሠሪዋ ወይም የሥራ መሪ ይህን የፈጸመባት ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራ መልቀቅ ትችላለች። የፈጸመው ባልደረባ ከሆነና ለአሠሪው አመልክታ በጊዜው እርምጃ ካልተወሰደም እንዲሁ። ከስንብት ክፍያው ሌላ የ90 ቀን ደመወዝ ካሣ ያሰጣታል። የወንጀል ሕጉም በአንቀጽ 625 አሳዳጊ፣ አስተማሪ ወይም አሠሪ የሆነ ሰው የሴትን ችግር ወይም ጥገኝነት መጠቀሚያ ማድረጉን ወንጀል አድርጎታል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ዝቅተኛው የሥራ ዕድሜ 15 ነው፤ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያሉ ወጣት ሠራተኞች ደግሞ ከሌሊቱ አራት ሰዓት እስከ ንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እንዳይሠሩ ተከልክሏል።

ጥሩ ሕግ ነው። ነገር ግን ውስጡ ሰዓት አለ። ሠራተኛዋ በዚህ ምክንያት ሥራ የመልቀቅ መብቷን ድርጊቱ ከተፈጸመ ወይም ካቆመ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተጠቀመችበት ይቀርባታል። አሠሪውም በበኩሉ ጥፋተኛውን ያለ ማስጠንቀቂያ የማሰናበት መብቱ ምክንያቱን ባወቀ በ30 የሥራ ቀናት ያበቃል። «እስቲ እንየው፣ ነገሩ ይብረድ» የሚለው የተለመደ አነጋገር በእነዚህ ቀናት ላይ ሲነገር ትርጉሙ ሌላ ነው። ይሉኝታ የያዛት ልጅ ለጓደኛዋ ለመንገር ብቻ ሁለት ሳምንት ይፈጅባታል። ሁለት ሳምንት ደግሞ ከሕጉ ዕድሜ አብዛኛው ነው።

ከዚህም የሚያጥር ሰዓት አለ፤ የሕክምናው። የመደፈር ጥቃት የደረሰበት ሰው ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት እንዲሠራለት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በቶሎ በተጀመረ ቁጥርም የተሻለ ነው። በአዳማ ሆስፒታል ሕክምና ኮሌጅ ለዚህ ተብሎ የተደራጀ የአንድ ማዕከል አገልግሎት አለ። በአዲስ አበባ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል በተጀመረው አሠራር መሠረት ሐኪሙ፣ የሥነ ልቦና ባለሙያው፣ ፖሊሱና ዐቃቤ ሕጉ በአንድ ቦታ ይገኛሉ፤ የተጎዳችው ልጅ ያንኑ ታሪክ በየቢሮው እየዞረች አምስት ጊዜ እንዳትናገር። የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበርም በአዳማ ማደሪያ የሌላቸውን ተጎጂዎች ተቀብሎ የሚያቆይ መጠለያ ሲያስተዳድር ቆይቷል። አንድ ፋብሪካ ወይም ትምህርት ቤት ከእነዚህ አገልግሎቶች በባጃጅ የሚደረስ ርቀት ላይ ሆኖ፣ «መጀመሪያ የውስጥ ኮሚቴው ያጣራ» ብሎ ልጅቷን ከሰኞ እስከ ዓርብ ቢያስቀምጣት፣ ሥርዓቱን ጠበቅሁ ብሎ ሕክምናዋን አሳልፎባታል። ማጣራት የኮሚቴ ሥራ አይደለም ለማለት አይደለም። ሐኪም ይቀድማል።

ጉዳዩ በሴት ሠራተኞች አያበቃም። በየሰንበት ትምህርት ቤቱና በየመድረሳው፣ በየሠፈሩ የእግር ኳስ ቡድን፣ በየመዋዕለ ሕፃናቱ ልጆች ያለ ወላጅ ከአዋቂ ጋር ይውላሉ። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ከሶማሌ ክልል የተፈናቀሉ የኦሮሞ ተወላጆች በአዳማና በአካባቢው ከተሞች ሲሰፍሩ፣ እርዳታ የሚሰጠውና የሚቀበለው ሰው በአንድ ግቢ ተገናኝተዋል። ስንዴውን የሚሰፍረው ሰው ዝርዝሩን የያዘ ነው። ዝርዝር የያዘ ሰው ስም ማውጣትም መሰረዝም ይችላል።

ዓለም ይህን የተረዳው ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽንና የእንግሊዙ ሴቭ ዘ ቺልድረን ከጊኒ፣ ከላይቤሪያና ከሴራሊዮን የስደተኛ መጠለያዎች ይዘው የወጡት ሪፖርት፣ የእርዳታ ሠራተኞች ምግብና ሸራ ለወሲብ መለወጫ ሲያደርጉ እንደነበር አመለከተ። በዓመቱ የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ጥብቅ መመሪያ አወጡ። ከ18 ዓመት በታች ካለ ሰው ጋር ወሲብ መፈጸም፣ ገንዘብን፣ ሥራንና እርዳታን ለወሲብ መለወጥ ተከለከለ፤ ሲፈጸም ያየ ወይም የጠረጠረ ሠራተኛም እንዲያመለክት ግዴታ ተጣለበት። መመሪያው በወጣ በስምንተኛው ዓመት፣ በመሬት መንቀጥቀጥ በፈረሰችው ሄይቲ፣ የእርዳታ ድርጅቱ የኦክስፋም ሠራተኞች በወሲባዊ ብልግና ተወንጅለው በውስጥ ምርመራ ተባረሩ ወይም ለቀቁ። ወሬው ለሕዝብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 በአንድ የለንደን ጋዜጣ ነው።

በዚያ ታሪክ ውስጥ ኢትዮጵያም አለች። በሄይቲው ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ2011 ከኦክስፋም ከተባረሩት አንዱ፣ በወራት ውስጥ፣ በዚያው ዓመት፣ በዚያው ድርጅት ለአጭር ጊዜ አማካሪ ሆኖ ኢትዮጵያ ውስጥ ተቀጥሮ ሠርቷል። ድርጅቱ ኋላ ላይ ቅጥሩ ከባድ ስህተት እንደነበር አምኗል። አንዱ ቢሮ ያባረረውን ሌላው ቢሮ ሳይጠይቅ ቀጠረው። ይህን የሰማ ኢትዮጵያዊ የሰው ሀብት ባለሙያ የራሱን መዝገብ ቤት ማሰብ አለበት። በእኛ አገር አንድ ሠራተኛ ሲለቅ የሚሰጠው የሥራ ልምድ ማስረጃ የሥራውን ዓይነት፣ የቆየበትን ጊዜና ደመወዙን ይናገራል። ስለ ጠባዩ የሚናገረው ነገር የለም፤ ቢናገርም «መልካም ሥነ ምግባር የነበራቸው» የሚል የተለመደ ዐረፍተ ነገር ነው። ሰውን በጥፋት ከማባረር «በፈቃዱ ለቀቀ» ብሎ መሸኘት ለሁሉም ይቀላል። ለሁሉም ሲባል ግን በሚቀጥለው ከተማ፣ በሚቀጥለው ትምህርት ቤት ያሉት ልጆች አልተቆጠሩም። እ.ኤ.አ. በ2019 መጀመሪያ በዓለም አቀፍ ድርጅቶች ዘንድ የተጀመረ አንድ የመረጃ ልውውጥ ሥርዓት አዲስ ሠራተኛ የሚቀጥር ድርጅት ያለፉትን አምስት ዓመታት አሠሪዎች «ይህ ሰው በወሲባዊ ጥፋት ጥፋተኛ ሆኖ ተገኝቷል ወይ?» ብሎ በጽሑፍ እንዲጠይቅ ያደርጋል። ከአዳማ ወደ ባቱ፣ ከባቱ ወደ ሻሸመኔ ለሚዛወር መምህርና የፕሮጀክት ሠራተኛም ይህ ጥያቄ በአንድ የስልክ ጥሪ ሊጠየቅ ይችላል።

በየስልጠናው ከኋላ ወንበር የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ፤ «በሐሰት የተወነጀለ ሰውስ?» ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በሹክሹክታ ብቻ ስሙ የጠፋ ሰው አለና። ይህን ሰው የሚያድነው ግን ዝምታ አይደለም። ቅሬታው በቀኑ ከተጻፈ፣ ከሁለቱም ወገን ጋር ዝምድናም ጥቅምም በሌለው ሰው ከተጣራ፣ ውጤቱም በጽሑፍ ከታወቀ፣ ንጹሕ ሰው ንጹሕነቱ ይመሰክርለታል። ሹክሹክታ የሚበዛው መዝገብ በሌለበት ቤት ነው። ለቅሬታ አቅራቢዋ የሚደረገውን ከለላ በተመለከተም ድርጅቶች መንግሥትን ብቻ መጠበቅ አይችሉም። የምስክሮችና የጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 የሚደርሰው አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ለሚያስቀጡ ከባድ ወንጀሎች ነው። በመጋዘን ውስጥ የሚደረግ የየዕለት ትንኮሳ እዚያ ደረጃ አይደርስም። ለዚያች የጽዳት ሠራተኛ ከለላ የሚሆናት፣ መናገሯን ተከትሎ ፈረቃዋን የሚቀይር ሰው እንደሚቀጣ የሚናገር የመሥሪያ ቤቷ ደንብ ነው።

መልሱን ከሩቅ ብቻ መፈለግ አያስፈልግም። በዝዋይና በላንጋኖ ሐይቆች ዙሪያ በሰፈረው በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ፣ ሴት ልጅ ስታገባ ከእናቷ የምትቀበላት ቀጥ ያለች ቀጭን በትር አለች፤ ሲንቄ። የዛሬው ሲንቄ ባንክ ስሙን የወሰደው ከእርሷ ነው። በትሯ ለመምቻ አይደለችም። ባሏ ወይም ሌላ ሰው ክብሯን የነካባት ሴት ትጮኻለች፤ ጩኸቷን የሰሙ የአካባቢው ሴቶች ሲንቄያቸውን እየያዙ ከየቤታቸው ይወጣሉ። ወጥ ተጥዶ ከሆነ ወጡ ይቀመጣል፣ ሕፃን የሚጠባ ከሆነ ታዝሎ ይመጣል። ተሰብስበው ይዘምራሉ፣ የበዳዩ ነገር እስኪታይ አይበተኑም፤ ነገሩ ከጠና ሰፈሩን ጥለው ይሄዳሉ። ወንዶቹ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ፍርድ እስኪሰጡ፣ በዳዩም ካሣና ይቅርታ እስኪያቀርብ ድረስ።

ይህን ሥርዓት የሠሩት እናቶች የሳጥኑን ችግር ድሮ አውቀውታል። ተበዳይዋ ብቻዋን ወደ በዳዩ ቤት ገብታ አትከስስም። አቤቱታዋ በእርሱ እጅ አያልፍም። የምትጮኸው አንድ ጊዜ ነው፤ ከዚያ በኋላ ጉዳዩ የሁሉም ሴቶች ነው። ታዲያ ሲንቄ የሁሉም መድኃኒት ነው ማለት አይቻልም። መደፈርን የመሰለ ወንጀል በይቅርታና በካሣ የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም፤ ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ አሉት። ደግሞም ሲንቄ የሚይዙት ያገቡ ሴቶች ናቸው። ከወላይታ ወይም ከከምባታ መጥታ ባቱ ክፍል የተከራየች የ19 ዓመት ልጅ እናቷ ሩቅ ናት፤ ገና አላገባችም፤ ብትጮኽ የሚሰማት አከራይዋ ብቻ ናት። በአበባ እርሻዎች ውስጥ የኢትዮጵያ ሆርቲካልቸር አምራች ላኪዎች ማኅበር እንዲቋቋሙ የሠራባቸው የሥርዓተ ፆታ ኮሚቴዎች ትርጉም የሚኖራቸው ይህን ክፍተት ሲሞሉ ነው። ሠራተኞች ራሳቸው የመረጧቸው፣ የልጅቷን ቋንቋ የሚናገሩ፣ በሥራ ሰዓት ለመሰብሰብ ፈቃድ የማይለምኑ፣ ቅሬታ ይዘው ከእርሻው ሥራ አስኪያጅ በላይ ላለ ሰው መድረስ የሚችሉ ሴቶች ሲሆኑ፣ ያ ኮሚቴ እንደ እናት ሲንቄ ይቆጠራል። ኃላፊው የሾማቸው ሦስት ሰዎች ሲሆኑ ግን ሌላ ሳጥን ነው።

በአዳማው ሆቴል ስልጠናው ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ያበቃል። ተሳታፊዎች አበላቸውን ፈርመው ይወስዳሉ፤ ባነሩ ተጠቅልሎ መኪና ላይ ይጫናል። ያንን ልምምድ የተጫወቱት ሁለቱ ሰዎች ሰኞ ወደ ሥራ ይገባሉ። አብዛኛው ሥራ የሚቀረው ለዚያ ሰኞ ነው፤ ብዙ ገንዘብም አይጠይቅም።

ድርጅት፣ ትምህርት ቤት፣ እርሻ ወይም ማሳደጊያ የምትመሩ ሁሉ፣ ሰኞ ጠዋት ከቢሯችሁ ውጡና ሳጥኗን ክፈቷት። ከበሩ አጠገብ አንሥታችሁ ካሜራና የአለቃ ዓይን ወደማይደርስበት ቦታ ውሰዷት። ቁልፉን ከመሳቢያችሁ አውጥታችሁ ሠራተኞቹ ራሳቸው ለመረጧት ሴት ስጡ። ማንበብ የማትችለዋ በአፏ የምትናገርበትን ሰውና ሰዓት ወስኑ። ከሳጥኗ በላይ፣ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ፣ የአዳማ ሆስፒታሉን ማዕከል አድራሻ ለጥፉ፤ 72 ሰዓት የሚለውንም ከሩቅ እንዲታይ በትልቁ ጻፉት።